የላክኳቸው ሽማግሌዎች

የወንድሜ ልጅ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ከቢሮ የተመለሰችው ውሃ በመጣበት ቀን ነው። እኛ ሰፈር፣ ከሸዋ በር ገባ ብሎ፣ ውሃ የሚመጣው በተራ ነው። በመጣ ቀን ሌላ ሥራ አይታሰብም። ጀሪካኑንና ባልዲውን አሰልፌ ቧንቧው አጠገብ ቆሜ ሳለ በግቢው በር ገባች። ከካርቶኑ አፍ የሻይ ኩባያዋ፣ ቢሮ ስትደርስ የምትቀይረው ነጠላ ጫማና በላስቲክ የታሰረ ጥቅል ወረቀት ይታያል።

«ደህና ዋሉ፣ አክስቴ?»

«ደህና፣ ይመስገን። አንቺስ?»

«ደህና።»

ካርቶኑን ክፍሏ አስገብታ ተመለሰችና የሞሉትን ጀሪካኖች ወደ ጓዳ ማመላለስ ጀመረች። ስለ ካርቶኑ ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩ። ውሃው እስኪሄድ ድረስ አብረን ስንሠራ ቆየን፤ ስለ ውሃው መድከም ተነጋገርን፣ ስለ በርሜሉ ክዳን ተነጋገርን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ያን ቀን ካልጠየቅኳት ጥያቄ ነው።

እኛ ቤት አይጠየቅም። አባቴ ዝምተኛ ነበር፤ ወንድሜም እኔም በእሱ ወጣን። ልጅቷ እናቷ ካረፈች ጀምሮ፣ ገና ፊደል ሳትቆጥር፣ ከእኔ ጋር ናት። አባቷ በሥራ ምክንያት ከአገር አገር ሲዞር ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደማይስማማት፣ የትኛው ትከሻዋ ብርድ ሲሆን እንደሚያማት አውቃለሁ። ምን እንደምታስብ ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። መጠየቅ ሰውን ማስጨነቅ ይመስለኛል። ጨዋ ሰው ሲነግሩት ይሰማል እንጂ አይጎረጉርም ተብዬ ነው ያደግኩት፤ እሷንም እንደዚያው አሳደግኳት።

ሥራዋ የሕንፃ ንድፍ ነው። አዲሱ ከተማ ውስጥ አንድ ኢንጂነር በከፈቱት ትንሽ ቢሮ ተቀጥራ የመኖሪያ ቤትና የሱቅ ፕላን ትሠራ ነበር። ስትገባ ቢሮው በሰው የተሞላ ነበር። በኋላ ሲሚንቶውም ብረቱም አልቀመስ ሲል ቤት የሚያሠራ ሰው እየቀነሰ መጣ፤ የጀመረውም መሠረቱን አውጥቶ በቆርቆሮ አጥሮ ተወው። ከባልደረቦቿ አንዱ ወጣ፣ ሌላው ተከተለ፣ ጸሐፊዋም ቀረች። ይህን የሰማሁት ከእሷ ሳይሆን ከጎረቤቴ ነው። ጎረቤቴ ያልሰማችው ነገር የለም።

«ያ ቢሮ ሰው እያሰናበተ ነው አሉ» አለችኝ በማግስቱ፣ የቡና ቅጠል የተፈላበትን ቁጢዋን በኩባያ ይዛ ደጃፌ ላይ ቆማ። «የእርስዎ ልጅ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ትናንት ካርቶን ይዛ ስትገባ አይቻት ነው።»

«ዕቃዋን ነው።»

«እኮ» አለችና ቁጢዋን ፉት አለች።

ልጅቷም ሁኔታዋ ደህና አልነበረም። ምግቡን ነካክታ ትተዋለች። ስልክ ሲደወልላት ግቢ ወጥታ በዝግታ ታወራለች። ጠዋት ጠዋት ግን እንደ ወትሮዋ ለብሳ ትወጣለች። ከሥራው የተባረረ ሰው ቤተሰቡን ላለማስደንገጥ ለብሶ እየወጣ ከተማ ሲዞር እንደሚውል ሰምቼ ነበር። ይኸው የእኔም ልጅ፣ አልኩ በሆዴ።

እኔ የማውቀው ሥራ አንድ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ታይፒስት ሆኜ ገባሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ወንበር ተነሥቼ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወጣት ሳለሁ፣ ወደ ገለምሶ ተዛውረሻል ተባልኩ። አባቴ ሽማግሌ ሰብስቦ ኃላፊው ዘንድ ላከ። «ሴት ልጅ ናት፤ እዚህ ወገን አላት፣ እዚያ ማን አላት?» አሏቸው። ዝውውሩ ቀረ። ቤታችን ያን ዕለት ደስታ ነበር፤ ለሽማግሌዎቹ ግብዣ ተደረገ። ስለ ሥራ የተማርኩት ትምህርት ይኸው ነው፤ አለቃ አባት ነው፣ አባት ደግሞ በሽማግሌ ይለመናል።

ስለዚህ ነጠላዬን አነሣሁና ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት የመቶ አለቃው ዘንድ ነው። ከውትድርና ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ አጥር ሲገፋ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ያለ ሐጂ ግን የትም አይሄዱም። ሐጂ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ መካከል፣ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። «እኔ አሞቀዋለሁ፣ ሐጂ ያበርደዋል» ይላሉ የመቶ አለቃው። ሽማግሌ ሦስት ሲሆን ነው ደንቡ፤ ሦስተኛው ጉልበታቸውን ታመው ቀሩ።

ሐጂ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ልጅቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ብታውቅ ትከለክለኛለች። ኩራተኛ ናት።»

«ደግሞ ኩራቱን ከየት አመጣችው?» አሉ የመቶ አለቃው እየሳቁ። «ከዚሁ ከቤቷ ነው እንጂ!»

እኔም ፈገግ አልኩ። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። እንደማትፈቅድ አውቅ ነበር። ለምን እንደማትፈቅድ አላወቅኩም፤ ለማወቅም አልፈለግኩም።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። የምኖርበት የቀበሌ ቤት በድሮው የጀጎል አሠራር የተሠራ ነው፤ ከወለሉ ከፍ ከፍ እያሉ የሚሄዱ ቀይ መደቦች አሉት። ከፍ ያለው መደብ የትልቅ ሰው ነው፤ በር አጠገብ ያለው ዝቅተኛው የልጆችና ቶሎ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ነው። ልጅቷ ተማሪ ሳለች ቤቱን በሜትር ለክታ በወረቀት ሥላው ነበር። «ይሄ ቤት ደስ የሚለኝ፣ ማንም ሳይናገር ሰው ቦታውን ያውቃል» ብላኝ ታውቃለች። እኔ ለአቀማመጡ ብዙም አልጨነቅም። ሐጂ ግን እንዲህ ባለ ቤት ተወልደው ያደጉ ናቸው። ያን ዕለት እኔ ሳልጋብዛቸው ከፍተኛው መደብ ላይ ወጥተው ተደላደሉ።

«ተፈጸመ!» አሉ የመቶ አለቃው ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ።

«አልሐምዱሊላህ ይበሉ» አሉ ሐጂ።

«ሰውየው ገና ሲያየን ብድግ አለ። ውሃ አስመጣልን። ነገሩን ገለጥንለት፤ አንጀት በሚበላ አነጋገር። እኔ ራሴ ስናገር ልጅቷ አሳዘነችኝ።»

«ወላሂ እኔም እንባዬ መጥቶ ነበር።»

«‹እሷ ትቆይልኝ እንጂ እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ› አለ። ‹እሷ ከሄደች ይህን ቢሮ እዘጋለሁ› አለ። ‹ቃል ግቡልኝ› አለ። ገባንለታ! የያዝከው ሕንፃ እስኪያልቅ ከወንበሯ አትነቃነቅም አልነው። እንኳን እስከዚያ፣ ልጆችህን እስክትድር ትሠራልሃለች አልነው!»

ሐጂ ሻያቸውን ፉት አሉ።

«እኔን አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ» አሉ። «እኛ ልንለምነው ሄደን እሱ ለመነን። የሚያባርር ሰው እንዲህ ሲለምን አይቼ አላውቅም።»

«አፍሮ ነዋ!»

እኔም አፍሮ ነው ብዬ አለፍኩት። ከፈረስ መጋላ ፈጢራ አስመጥቼ አበላኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ልጅቷ ስትመጣ ምንም አልነገርኳትም፤ ከአለቃዋ ስትሰማው ይበልጥ ደስ ይላታል ብዬ ነው።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ፀሐይ ሳትበርድ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«አክስቴ፣ ቢሮ ሽማግሌ ልከዋል?»

«ልኬያለሁ።»

«ምን እንዲሉ?»

«እንዳያባርሩሽ።»

«ማነው የሚያባርረኝ?»

ከመደቡ ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ የለቀቅኩት» አለች። «ማመልከቻ ካስገባሁ ቆየሁ። የማስረክበውን እያስረከብኩ ነው፤ ዕቃዬንም ያመጣሁት ለዚያ ነው። መልቀቂያዬን ብቻ ነበር የምጠብቀው።»

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ድሬዳዋ ያለ አንድ የግንባታ ድርጅት ለሚያሠራቸው መጋዘኖች ንድፍ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። ፈትነዋት አልፋለች። እስከ ሰኞ ጠዋት መልቀቂያዋን ይዛ መቅረብ አለባት። ሥራው የኮንትራት ነው፤ መጋዘኖቹ ሲያልቁ ያልቃል። ለእኔ ያልነገረችኝ እርግጥ እስኪሆን ብላ ነው።

«ከዚያ በኋላስ?» አልኳት። አፌ ላይ የመጣው ይኸው ነበር።

«ከዚያ በኋላ አይታወቅም።»

«ታዲያ የሚታወቀውን ትተሽ...»

«የሚታወቀው የቱ ነው፣ አክስቴ?» ድምፅዋን አላነሣችም። «እዚህም የሚታወቅ ነገር የለም። ሥራ ሲመጣ እንሠራለን፤ ሳይመጣ ግድግዳ እያየን እንውላለን። ሲመጣም ያንኑ መታጠቢያ ቤት፣ ያንኑ ደረጃ ነው የምሥለው። የተማርኩትን እየረሳሁ ነው። እዚያ ቢያንስ የማላውቀውን እሠራለሁ።»

«በእኔም ጊዜ ሽማግሌ ተልኮልኝ ነው ገለምሶ ከመሄድ የቀረሁት» አልኳት። ምክንያት የሆነልኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀሪውን ነገረችኝ። ኢንጂነሩ በማለዳ ጠርተዋት «ሽማግሌ ልከሽ፣ ቃል አስገብተሽ፣ መልሰሽ መልቀቂያ ትጠይቂኛለሽ? በሰው ትቀልጃለሽ?» ብለዋታል። አብሯት የቀረው አንድ ባልደረባዋ ደግሞ «ዓመት ፈቃድሽንስ ራስሽ ትሞያለሽ ወይስ ሽማግሌ ነው የሚሞላልሽ?» እያለ ሲስቅባት ውሏል። ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መጮህ ግን አላስተማርኳትም።

«ካርቶኑን ሲያዩ ለምን አልጠየቁኝም?» አለችኝ በመጨረሻ።

ክፍሏ ገባችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ሁለቱን ሽማግሌዎች እንደገና አስጠራኋቸው። ነገሩን በበሩ ሲገቡ ጀመርኩላቸው፤ ሐጂ ግማሹን ሰምተው ሳይጨርሱ ወደ ከፍተኛው መደብ ሳይወጡ በር አጠገብ ያለው ዝቅተኛው ላይ ተቀመጡ። ይለፉ ብላቸው እምቢ አሉ። ቢቆጡኝ ኖሮ ያን ያህል አይሰማኝም ነበር።

«የተፋነውን ተመልሰን እንላስ?» አሉ የመቶ አለቃው።

«ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ።»

«እህቴ፣ እኔ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። ደም አድርቄያለሁ። ‹በል እባክህ ፍታት› ብዬ ግን ሽምግልና ገብቼ አላውቅም! ምን ብዬ ልግባ? ‹ትናንት አትልቀቃት ያልኩህ ሰውዬ ነኝ፤ ዛሬ ልቀቃት› ልበል? አብደዋል ብሎ ጥበቃ ይጠራብናል።»

«ጥበቃውም ሽማግሌ ነው» አሉ ሐጂ። «ሦስተኛ አድርገን ይዘነው እንገባለን።»

የመቶ አለቃው ሊስቁ ብለው ተዉት። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጅቱ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀውኛል።»

«አታውቅም ሲሉኝ መሄድ አልነበረብኝም። እኔም አለሁበት፤ አላህ ይቅር ይበለን። ግን እኛ ብንመለስ ነገሩ አይቃናም። ሽማግሌ አፍ ነው፣ የሰጡትን ይናገራል። ቃሉን የሚያነሣው የላከ ሰው ነው። እርስዎ ይሂዱ።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

በዕድሜዬ ሙሉ ማንንም፣ ስለ ምንም ነገር፣ በራሴ አፍ ለምኜ አላውቅም። ይህን እንደ ክብር ነበር የምቆጥረው። ሌላ ሰው እየለመነልኝ እንደኖርኩ የገባኝ ሐጂ «እርስዎ» ሲሉኝ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ቢሮው ዝግ ነበር። ልጅቷ ከክፍሏ ብዙም አልወጣችም። ሰኞ ጠዋት ነጠላዬን አነሣሁና ልወጣ ስል እግሬ በሯ ላይ ቆመ። አንኳኳሁ።

«ቢሮሽ ልሄድ ነበር» አልኳት። «ልሂድ ወይ?»

በሩን ከፈተችው። እንዲህ ብዬ ጠይቄያት ስለማላውቅ ይመስለኛል፣ ለመመለስ ጊዜ ወሰደባት።

«ምን ሊሏቸው?»

«ቃሉ የእኔ እንጂ ያንቺ እንዳልሆነ።»

«ይሂዱ» አለች። «ግን አይለምኑልኝ፣ አክስቴ። ስህተት መሆኑን ብቻ ይንገሯቸው።»

ባጃጅ ይዤ በሸዋ በር ወጣሁ። ቢሮው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነው፤ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ውስጡ ጠረጴዛው ብዙ ነው፣ ሰው የለበትም፤ ኮምፒውተሮቹ አቧራ እንዳይነካቸው በፕላስቲክ ተሸፍነዋል። ያ ሲስቅባት የዋለው ባልደረባዋ ሲያየኝ አቀርቅሮ ወጣ። ኢንጂነሩን በሐሳቤ ሸበቶና ሰፊ ሰው አድርጌያቸው ነበር። ወጣት ናቸው፤ ወንድ ልጅ ቢኖረኝ በእሳቸው ዕድሜ ይሆን ነበር።

«ይቀመጡ፣ እማማ» አሉ። «ሽማግሌዎቹ እኮ መጥተው ነበር።»

«የላክኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። መንገዱን ሁሉ ስደጋግመው ስለነበር ሳልቆም ተናገርኩት። «እነሱ የነገሩዎት እኔ የነገርኳቸውን ነው። እኔ የነገርኳቸው ደግሞ የማላውቀውን ነው። ልጅቷ አልላከችም፤ ቃልም አልገባችም። ስህተቱ የእኔ ነው። ይህን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

ይልቀቁልኝ አላልኩም። ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር።

ኢንጂነሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከመንገዱ ማዶ ብረቱ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ያልተጨረሰ ፎቅ አለ።

«ሽማግሌ የላከችው እሷ መስላኝ ነበር» አሉ። «ሐሳቧን ቀይራ፣ በራሷ አፍ ለመናገር አፍራ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ለሚስቴ ‹ቀረችልን› አልኳት። ልጅዎ ግን በማግስቱ መልቀቂያዬ ደረሰ ወይ ስትለኝ... በሰው ፊት ያን ያህል መናገር አልነበረብኝም።»

ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

«እሷ ስትሄድ የያዝነውን ሥራ ለሌላ አስረክቤ በሩን መዝጋቴ ነው፣ እማማ። ከዚያ ምን እንደምሠራ እኔም አላውቅም።»

አለቃ አባት ነው ብዬ ነበር ያረጀሁት። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰው ግን እንደ ልጄ ነገን የማያውቁ ነበሩ።

ጸሐፊ ስለሌለ መልቀቂያውን ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ፣ በሁለት ጣት። ተቀምጬ ጠበቅኩ። «በሥራ ላይ በነበሩበት ጊዜ ላሳዩት ትጋት እያመሰገንን» የሚለውን ቃል በዕድሜዬ ለብዙ ሰው ታይፕ አድርጌያለሁ፤ ለሚዛወሩ፣ ለሚማሩ፣ አገር ለሚለቁ። እጄ ጉልበቴ ላይ ሆኖ ከእሳቸው ጣት ቀድሞ ይጽፍ ነበር። ፈረሙ፣ ማኅተም አደረጉ፣ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኙኝ።

ቤት ስደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ወረቀቱን ተቀብላ እዚያው ቆማ ለድሬዳዋው ድርጅት ደወለች። እኔ ጓዳ ገብቼ ዕቃ የማስቀምጥ መሰልኩ። ጠዋት ጠብቀዋታል። ወረቀቱ የተሟላለት ሌላ ሰው መጥቶ ፈርሟል። ሌላ ሥራ ሲገኝ እንደውልልሻለን አሏት።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» ስትል ሰማኋት። በዚያው ባስተማርኳት ጨዋ ድምፅ።

ከጓዳ ስወጣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝቅተኛው መደብ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ኢንጂነሩ ተመለሺ፣ ዛሬውኑ ብትሄጂ ይቀበሉሻል የሚል አሳብ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

«ምን ታስቢያለሽ?» አልኳት።

«ልሄድ አስባለሁ።»

«ያለ ሥራ?»

«ያለ ሥራ። አብራኝ የተማረች ልጅ እዚያ አለች፤ ከእሷ ጋር እሆናለሁ። ቁርጥራጭ ሥራም ቢሆን አይጠፋም። ካልሄድኩ ግን አሁን በየጠዋቱ ተነሥቼ እርስዎን ነው የማየው።»

ክፉ ሆና አይደለም የተናገረችው። እውነቱን ነው። ሁለታችንም ያንን እናውቅ ነበር።

ሻንጣዋን ስትሸክፍ ልብስ እያጣጠፍኩ አቀብላት ነበር። ድሬዳዋ ሙቀት ነውና ሹራቦቿን ወደ ጎን አደረገቻቸው፤ አንዱን መልሳ አስገባችው። ከዚያ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«አክስቴ፣ ያኔ ገለምሶ መሄድ ይፈልጉ ነበር?»

«የጠየቀኝ አልነበረም።»

«አሁን እኔ እየጠየቅኩዎት ነው።»

የያዝኩትን ቀሚስ አጥፌ ጨረስኩ።

«ለጭቃ የሚሆን ቡትስ ጫማ ገዝቼ ነበር» አልኳት።

«ምን አደረጉት?»

«ውሃ በመጣ ቀን አደርገው ነበር። እስኪያልቅ።»

ሳቀች። ሳቋ ሳታስበው ነው ያመለጣት። እኔም ትንሽ ሳቅኩ። ስለዚያ ጫማ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ከእሷም ጋር ደግመን አላነሣነውም።

የምትሄድበት ዕለት ሽማግሌዎቹ ሊመርቋት መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ጎረቤቴ ትሆናለች። የመቶ አለቃው ገና ከበሩ «ቃላችንን በልተሽ ነው የምትሄጂው!» አሉ። «ሆድሽን ይቁረጠው ብዬ ልረግምሽ ነበር፣ ሐጂ ከለከለኝ።»

«ካስፈለገ ድሬም ሽማግሌ አለ» አለቻቸው ልጅቷ። «አይላኩብኝ እንጂ።»

«እኛ? ከእንግዲህ ከዚህ ቤት መልእክት አንቀበልም!»

ተሳሳቁ። እኔ የምይዘው ጠፍቶኝ የሻንጣውን እጀታ ያዝኩ። ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ። «አላህ ከፊትሽ ይቅደም» አሉ። «ያላወቅሽውን መንገድ ያግራልሽ። የምትሥዪው ቤት ሰው ይኑርበት፣ ልጅ ይደግበት።» እሷ አሜን አለች፤ የመቶ አለቃውም አሜን አሉ። ከዚያ ሐጂ ወደ ውስጥ ገብተው መቀመጫቸውን ፈለጉ። ይለፉ አልኳቸው። ከፍተኛውን መደብ አዩት፣ እኔንም አዩኝ፤ መካከለኛው ላይ ተቀመጡ።

የኢንጂነሩ ቢሮ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። አሁን የሞባይል ጥገና ተከፍቶበታል። «ይኸው፣ ባትለቅም ይዘጋ ነበር» ይሉኛል የመቶ አለቃው፣ ሊያቀሉልኝ። እውነት ነው። ግን እሱ አይደለም የሚከብደኝ። መጋዘኖቹ ገና እየተሠሩ ናቸው። ሚኒባስ ስትሳፈር በዚያ በኩል ስለምታልፍ ታያቸዋለች፤ ጣሪያቸው እንደወጣ በስልክ ነግራኛለች። የሌላ ሰው ንድፍ ነው። ጥሩ ነው ወይ አልኳት። ጥሩ ነው፣ አለች።

እሷ አንዴ የዳቦ ቤት ፕላን ታገኛለች፣ አንዴ የሕፃናት መዋያ። አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ ምንም አይመጣም፤ ያኔ ድምፅዋ ይቀጥናል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆና ስትደውል ድሬዳዋ የሚኖሩ የቀድሞ የትምህርት ቤታችን ሰው ትዝ አሉኝ፤ ድርጅቶቹን ሁሉ ያውቃሉ ይባላል። ስልኩን እንደዘጋሁ ነጠላዬን አነሣሁ። በሩ ድረስ ሄድኩ። መልሼ ሰቀልኩትና ደወልኩላት።

«የማውቃቸው ሰው አሉ» አልኳት። «ላናግርልሽ ወይ?»

«አሁን አይሁን፣ አክስቴ» አለች። ቀጥላም «ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ» አለች። ምስጋናው አሳፈረኝ። ሰው ለዚህ መመስገን አልነበረበትም።

አሁን ስትደውል እጠይቃታለሁ። ምን እየሠራሽ ነው፣ ምን ታስቢያለሽ፣ ከርመሽ የት ትሆኛለሽ እላታለሁ። ብዙ ጊዜ አላውቅም ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። መስመሩ ላይ ዝም ብለን እንቆያለን፤ የዱሮው ዝምታ ግን አይደለም፤ በዚህኛው ውስጥ እሷ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልጠየቅኳትም። ይቅር ብላኝ እንደሆነ። ደፈር ደፈር ብዬ፣ ልክ ልጠይቃት ስል፣ ውሃው ዛሬ መጣ፣ ወይም እስካሁን አልመጣም፣ እላታለሁ። እሷም በርሜሉን ከድነው እንደሆነ ትጠይቀኛለች።